ገበያተኛዋን ምን ላልብሳት?

ባለፈው ሰሞን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት አካባቢ፣ አንድ ጓደኛዬ ስልኬ ላይ ምስል ላከልኝ። ልጁ ቀን ቀን የሰው ኮምፒዩተር ይጠግናል፣ ማታ ማታ ጌም ይሠራል። (ስሜን ከጠራህ እንጣላለን ስላለ ስሙ ይቅር።) የሚሠራው የአይሱዙ ሾፌር ጌም ነው። ተጫዋቹ አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ይጭናል፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ቀይ አፈርን ያልፍና ጂንካ ይገባል። ጂንካ ሲደርስ ገበያ ወጥቶ ያመጣውን ይሸጣል፣ ማርና ቅቤ ይገዛል፣ ከየቤታቸው በኢንተርኔት ከገቡ ሌሎች ሾፌሮች ጋር ይሻማል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሐሳቡ ሸጋ ነው። ሽጉጥ የሌለበት፣ ጎማ ሲፈነዳ ብቻ ልብ የሚሰቅል ጌም!

ምስሉ ላይ ያለችው ቅቤ ሻጯ ናት። ከንፈሯ ላይ የሙርሲ ሸክላ አለ። አንገቷ ላይ የሐመር ባለትዳር ሴት የብረት ቀለበት። ፊቷ እንደ ካሮ ጎረምሳ በነጭ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ጭንቅላቷ ላይ እንደ ዳሰነች በቆርኪ የተሠራ ቆብ ደፍታለች። ይህም አልበቃ ብሎ ከጆሮዋ ግራና ቀኝ የከርከሮ ክራንቻ ተንጠልጥሏል።

«እንዴት ናት?» ይላል ከሥሯ የጻፈው።

«ይቺ ሴትዮ ብቻዋን አራት ብሔረሰብ ናት» ብዬ መለስኩለት።

ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ ምን ላልብሳት?» አለኝ። ነገ እነግርሃለሁ አልኩት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቀላል የልብስ ጥያቄ መስሎኝ ገባሁበት፣ ታሪክ ውስጥ ሰጥሜ ቀረሁ። (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጌም ለማትጫወቱ ልንገራችሁ። ተጫዋቹ የማያዘውን፣ ኮምፒዩተሩ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው የጌም ልጆች ኤንፒሲ ይሉታል። ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሸጥላችሁ፣ መንገድ ላይ የሚያልፍ፣ ስትጠጉት አንዲት ዐረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም የሚል ሰው ነው። ተመልሳችሁ ብትጠጉት ያችኑ ይደግምላችኋል። ፕሌይስቴሽን ቤት ያደግን ሁላችን በመኪና ገጭተነው አልፈናል እንጂ ምን እንደለበሰ ልብ ብለን አናውቅም። ልብሱ ግን ከባድ ሥራ አለበት። ሰውየው ታሪኩን የሚያወራበት ጊዜ የለውም፤ ዓይናችን ውስጥ የሚቆየው ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። በዚያች ሰከንድ ገበሬ ይሁን ወታደር፣ ወዳጅ ይሁን ጠላት ልብሱ ይናገርለታል። ለዚህ ሲሉ ብዙ ሠዓሊዎች ገጸ ባሕርዩን መጀመሪያ በጥቁር ጥላ ብቻ ይስሉታል። ጥላው ብቻውን ማንነቱን ካልተናገረ ልብሱ አልተዋጣም ይባላል። ይቺን የጥላ ነገር ያዙልኝ፣ ቆይቼ እመለስባታለሁ።

ሌላው ጣጣ የማሽኑ ጉልበት ነው። ገበያ ውስጥ ላሉ ሁለት መቶ ሰዎች ሁለት መቶ ልብስ መሥራት አይቻልም። ሁለት ሦስት አካል ተሠርቶ ሸሚዙና ቀለሙ እየተቀያየረ ይባዛል። ታዲያ የራሱ ልብስ የሚገባው ማነው፣ የተባዛውን የሚለብሰውስ? እዚህ ላይ ነው የሠሪው ሐሳብ የሚጋለጠው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለትን የማያውቅ ይኖራል ብዬ አልገምትም። በ1999 ወጥቶ በ2015 «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ተጨማሪ ኢትዮጵያን አስገባልን። ደስ አለን። ሾተል የያዘ ወታደር ሰጡን፣ የዮዲትን ታሪክ ሰጡን። እንጨት የሚፈልጠውና ማሳ የሚያርሰው ገበሬ ግን ለሁሉም አገር የተሠራው ያው የአውሮፓ ገበሬ ነበር። ወታደሩ ኢትዮጵያዊ፣ ገበሬው ፈረንጅ! አራሹ ሰው ከታሪክ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው አይደለም መቼስ።

ከዚያ የከፋም አለ። በ2009 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል አምስት ኪጁጁ በሚባል በሌለ የአፍሪካ ቦታ ነው የሚካሄደው። መጀመሪያ ከተማው ውስጥ የሚያሯሩጣችሁ ሰዎች እንደ ማንም የከተማ ሰው ቲሸርትና ሱሪ ለብሰዋል። ረግረጉ ጋ ስትደርሱ ግን የሣር ጉርድ፣ ጭምብልና ጦር ይዘው ብቅ ይላሉ። ገና በ2007 ማስታወቂያው ሲታይ ጥቁር ሰውን የሣለበት መንገድ ብዙ ትችት አስነሥቶ ነበር። የሣር ጉርዱ ከየት መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ ከየትም አልመጣም፤ ከድሮ የፈረንጅ ፊልም ነው የመጣው።

በዚህ በኩል ዩቢሶፍትን ላመስግን። በ2018 ስለ ጥንታዊ ግብፅ ባወጡት የጉብኝት ጌም ውስጥ ትምህርት ቤት አለ፤ ሴቶቹም ከወንዶቹ ጋር ተቀምጠው ይማራሉ። ታሪኩ እንደዚያ እንዳልነበረ፣ እነሱ ግን አስበውበት እንዳደረጉት እዚያው ጽፈው ይነግሯችኋል። አውቆ መሳሳትና ሳያውቁ መሳሳት አንድ አይደለም። (እነዚሁ ሰዎች ታዲያ የእርቃን ሐውልቶቹን ኀፍረት በዛጎል ሸፍነውታል። የእኛ ልጅ ከብት ሊዘል የቆመውን የሐመር ጎረምሳ ማስገባት ቢያምረው ምን ሊሸፍነው ነው? ልጁ በዚያ ቀን ደረቱ ላይ ከተጋደመው የዛፍ ልጥ በቀር ራቁቱን ነው።)

ወደ ገደለው ስንገባ፣ ጓደኛዬ ጂንካን ረግጦ አያውቅም። ያደረገው ሁላችን የምናደርገውን ነው፤ ኢንተርኔት ላይ «ኦሞ ሸለቆ» ብሎ ፈለገ። ሞክሩት እስቲ። የሚወጣላችሁ ፊት ነው። ቀለም የተቀባ ፊት፣ ቀንድ የደፋ ፊት፣ አበባ የተሰካበት ፊት። ሰውየው ምን እንደሚሠራ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ፣ ሰዓቱ ጠዋት ይሁን ማታ አይታይም። እነዚህን ፊቶች ሰብስቦ ነው ቅቤ ሻጯን የሠራት። ፎቶዎቹስ ራሳቸው እንዴት ተሠሩ?

ፈረንጅ ይህን አገር አይቶ መጻፍ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ቴሌኪና ፎን ሆነል በ1888 ከደቡብ በኩል መጥተው ቱርካና ሐይቅ ደረሱ። ጣሊያናዊው ቦቴጎ በ1896 ከሰሜን ወደ ኦሞ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የምኒልክ ጦር ደረሰና አገሩ ወደ አዲስ አበባ ካርታ ገባ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። እዚያው ተቀምጦ፣ ቋንቋውን ተምሮ ሰዉን የማጥናቱ ሥራ የሠመረው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ዴቪድ ተርተን የተባለው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ሙርሲ ዘንድ ገባ። በ1970 ደግሞ ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር ሐመር ገቡ። በኋላ ጂንካ ከተማን ቁልቁል ከሚያየው ኮረብታ ላይ የተሠራው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ከስትሬከር ስም ጋር የተያያዘ ነው። ጂንካ የሄደ ሰው ከሙርሲ መንደር በፊት እዚያ ቢወጣ ብዬ እመኛለሁ።

ተርተን አብሮ የሠራበት «ዘ ሙርሲ» የሚባል የ1974 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፊልም አለ። የከንፈር ሸክላ አያለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ይሰለቻል፤ ፊልሙ ወሬ ነው። ሙርሲዎች ከቦዲ ጋር ጦርነት ላይ ናቸው። ምን እናድርግ ብለው ይሰበሰባሉ፣ አንዱ ይነሣል፣ ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ ሌላው ይነሣል። ራቁቱን የሆነ አለ፣ ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ አለ። ከቀንድና ከአበባ ጋር ማንም አልመጣም። ለምን ይምጣ? ስብሰባ ላይ ነው ያለው።

ካሜራው በብዛት የመጣው ከቱሪስቱ ጋር ነው። ማጎ ብሔራዊ ፓርክ በ1970ዎቹ መጨረሻ ተከለለ። በተለይ ከ1990ዎቹ ወዲህ ጎብኚው በጠዋት ከጂንካ በላንድክሩዘር ይነሣል፣ ፓርኩን አቋርጦ ሙርሲ መንደር ይደርሳል፣ አንድ ሰዓት ያህል ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። ክፍያው በፎቶ ነው። በ2000ዎቹ ለአንድ ፎቶ አንድ ወይም ሁለት ብር ነበር፤ ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ይቆጠራል። ተርተን በ2004 ስለዚህ ግንኙነት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሙርሲዎቹ ራሳቸው «እነዚህ ሰዎች ፎቶውን ምን ያደርጉበታል?» እያሉ ይጠይቁት እንደነበር ይናገራል። እስከ ዛሬ ጥሩ መልስ ያገኙ አይመስለኝም።

አሁን ራሳችሁን በሙርሲዋ ቦታ አስቀምጡ። መንደርሽ ውስጥ ብዙ ሴት አለ፣ ሁሉም ተሰልፏል። ፈረንጁ አንድ ሰዓት ነው ያለው፤ ቋንቋሽን አይሰማም፣ ስምሽን አይጠይቅም። ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ የሚያርፍበት ሰው ይከፈለዋል፣ የማያርፍበት ጦሙን ይውላል። ምን ታደርጊያለሽ? ከሩቅ መታየት አለብሽ። ስለዚህ ሸክላውን ታደርጊያለሽ፤ እሱን ግን ጎረቤትሽም አድርጋለች። የከብት ቀንድ ትጨምሪያለሽ፤ ነገ እሷም ትጨምራለች። ክራንቻ፣ ቅጠል፣ ፍሬ፣ ቀለም እያለ ይቀጥላል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሁለት የሆላንድ ሰዎች የሠሩት «ፍሬሚንግ ዚ አዘር» የሚባል ዶክመንተሪ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል፤ አንዲት ሙርሲ ሴት ቱሪስት ሲመጣ ስትዘጋጅ፣ ቱሪስቷ ደግሞ በሌላ በኩል ጉዞዋን ስትጓጓ።

ያቺን ጥላ አስታወሳችኋት? ፈረንጁ ሁለት ሰከንድ ያያል፣ ጥላው ካልለየሽ ያልፍሻል። የሙርሲ ሴቶች የጌም ሠዓሊ የሚቸገርበትን ያንኑ ጥያቄ ነው የመለሱት፤ ያለ ኮምፒዩተር፣ በቀንድና በቅጠል። ይህን «ማታለል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ አስጎብኚዎችም ሳይቀሩ «ድሮ እንዲህ አልነበሩም» ብለው ያሟቸዋል። እኔ አልልም። ሥራ ነው የሠሩት፣ ያውም ጥሩ ሥራ። ይልቅ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ለካሜራ የተፈጠረው ልብስ በካሜራ ተነሣ፣ በመጽሐፍ ታተመ። ጀርመናዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሐንስ ሲልቬስተር የሙርሲና የሱርማ ሰዎችን በቅጠልና በአበባ አጊጠው ያሳየበት መጽሐፍ በ2008 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ርዕሱ «የተፈጥሮ ፋሽን» የሚል ሆነ። ተፈጥሮ! ከዚያ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ ወጣ፣ ጓደኛዬ አገኘውና ቅቤ ሻጯን አለበሳት። ልጁ የገለበጠው የጂንካን ገበያ ሰው መስሎት ነበር። የገለበጠው ግን የሌላ ዲዛይነርን ሥራ ነው፣ ያውም ሳይከፍላት።

እሺ፣ ለካሜራው ካልሆነ ልብሱ ለማን ነው የሚናገረው? ለጎረቤት ነው። ሐመርን ውሰዱ። አንዲት ሴት አንገቷ ላይ ያለውን ብረት ያየ የሐመር ሰው ባለትዳር መሆኗን ያውቃል። ከቀለበቶቹ በላይ ወደ ፊት ሾጠጥ ያለ ጫፍ ያለው የቆዳና የብረት ማተብ ካለ ደግሞ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ሁለተኛዋ ያንን አታደርግም፤ ሀብታም ብትሆንም፣ ብታምርም አታደርግም። ወንዱም እንደዚያው ነው። ከብት ዘሎ ገና ያላገባው ጎረምሳ ማዝ ይባላል። ላባ ይሰካል፣ ፊቱን ይቀባል፣ ሌላ ልጅ ሲዘል አለንጋ ይዞ ይገኛል። ሲያገባ ያ ጊዜ ያልፋል። ፀጉሩን በሸክላ አፈር ለጥፎ ያስያዘ ሰው ደግሞ ጠላት ወይም አደገኛ አውሬ ገድሏል ማለት ነው። የእኛ ልጅ ይህን ፀጉር ለማን ሰጠው መሰላችሁ? ለጎማ ጠጋኙ። ሰው የገደለ ጎማ ጠጋኝ! (ሾፌሮቹ ዋጋ ባይከራከሩት ይሻላቸዋል።)

የከንፈር ሸክላውማ ስንት ተወርቶበታል። «ሸክላው በሰፋ ቁጥር ጥሎሹ ይበዛል» ይባላል። «ድሮ ባሪያ ፈንጋይ እንዳይወስዳቸው ራሳቸውን ለማስጠላት የጀመሩት ነው» ይባላል። እነ ተርተን ሁለቱንም አልተቀበሉትም። የጥሎሹ ከብት ከሸክላው ስፋት ጋር አይገናኝም። ልጅቷ ከንፈሯ የሚበሳው በ15 ወይም በ16 ዓመቷ ገደማ ነው፤ ምን ያህል እንደምታሰፋውም በአብዛኛው የራሷ ጉዳይ ነው። ዋናው ነገር ግን ሸክላው የሚደረግበት ሰዓት መኖሩ ነው። ለወንዶች ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስታልብ፣ ሠርግ፣ ጭፈራና የዱላ ግጥሚያ ሲኖር ይደረጋል። ያላገቡና አዲስ ያገቡ ሴቶች ያዘወትሩታል፤ ልጆች ያፈሩት ትልልቆቹ እየተዉት ይሄዳሉ። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ገበያ ተቀምጣ ቅቤ የምትቸረችር እናት ሸክላ አድርጋለች ማለት፣ አንዲት የአዲስ አበባ እናት አትክልት ተራ ሽንኩርት ስትገዛ የሙሽራ ቬሎ ለብሳለች እንደማለት ነው።

ይህን ስነግረው ጓደኛዬ «በቃ ኦሪጅናል የሆነውን፣ ጥንታዊውን ፈልገህ ስጠኝ» አለኝ። ይህም ወጥመድ ነው። ጥንታዊ የምንለው ጨሌ ነጋዴ ያመጣው የፋብሪካ መስተዋት ነው። ዛጎሉ ከህንድ ውቅያኖስ ነው የመጣው፤ ሐመር ዘንድ ባሕር የለም። በደቡብ ኦሞ ክንድ የሚሞላው አምባር ስንቱ ከተሰበረ ድስት አሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ነው። ዳሰነቾች ደግሞ ኦሞራቴ አካባቢ ከቢራና ከለስላሳ ቆርኪ፣ ከተበላሸ የእጅ ሰዓት ማሰሪያ የሚያምር የራስ ጌጥ ይሠራሉ። ያ ቆብ ጥንታዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? እኔ እንጃ። ቆርኪው ፋብሪካ ነው የወጣው፣ እጁ ግን የዳሰነች ነው። በጌሙ ውስጥ ዓመቱ ስንት እንደሆነ ሳይወስኑ ልብስ መምረጥ አይቻልም፤ ይሄ አይሱዙ 1974 ላይ ነው የሚነዳው ወይስ ዛሬ?

ትልልቆቹም ይስታሉ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2018 የወጣውን ብላክ ፓንተርን አስታውሱ። በዙፋን አዳራሹ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ አረንጓዴ ሱፉን ግጥም አድርጎ ከንፈሩ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ሸክላ አድርጓል። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ «የኛ ነው!» ተብሎ ተጨብጭቧል፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። በሙርሲም በሱርማም ግን ሸክላው የሴት ነው። ወንድ አያደርገውም። (ወንዶች ሸክላ የሚያደርጉት ብራዚል ነው፤ የካያፖው አለቃ ራኦኒ ፎቶ ዓለም ያውቀዋል።) የልብሱ ዲዛይነር ሩት ካርተር በቀጣዩ ዓመት በዚሁ ፊልም ኦስካር ወሰደች፣ ይገባታልም። ዋካንዳ የሌለ አገር ስለሆነ የፈለገችውን ብታለብስ ማንም አይከሳትም። ጂንካ ግን ያለ አገር ነው። እዚያ የሚኖር ልጅ ስልኩን ከፍቶ የከተማውን ገበያ አገኛለሁ ብሎ ይገባል። ጂንካ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ «ማን ያየኛል» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ፈረንጅን ብቻ እንዳንወቅስ ደግሞ የራሳችንን እንይ። የእኔ ትውልድ የከተማ ልጅ ሐመርን መጀመሪያ ያወቀው ከፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ» ነው፤ እሱ ቢያንስ ሰዎቹን ስም ሰጥቶ አናገራቸው። መድረኩ ግን እንዲህ አላደረገም። ከደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ጀምሮ እስከ ዛሬው የባህል ምግብ ቤት ድረስ ስልቱ አንድ ነው። ያው ተወዛዋዥ ከጎጃም ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ሐመር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ልብስ ቀይሮ ይወጣል። ሐመር ሲደርስ ቡናማ ጨርቅ ቆዳ መስሎ ይቆረጣል፣ አርቲፊሻል ፀጉር ይደፋል፣ ያላገባችው ተወዛዋዥ የመጀመሪያ ሚስትን ብረት አንገቷ ላይ ታስራለች። ከ1999 ዓ.ም. (በእኛ) ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን መጣ። ከሁሉም አንድ አንድ ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ተራ በተራ። እውነቴን ነው፣ ጌም ሲጀመር «ገጸ ባሕርይ ምረጥ» ከሚለው ገጽ ጋር ቁርጥ አንድ ነው። በዓሉን አልጠላውም። ግን በዓመት አንድ ቀን የሚለበሰውን አይተን ስናድግ 365ቱንም ቀን እንደዚያ የሚለብሱ ይመስለናል።

በዚህ ሁሉ ፎቶና መድረክ ውስጥ የጠፋ አንድ ሕዝብ አለ። አሪ። በ2007ቱ ቆጠራ ከደቡብ ኦሞ ዞን ሕዝብ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አሪ ነበር። ጂንካም የቆመችው አሪ ምድር ላይ ነው። በ2023 የራሱን ዞን እስከማግኘት ደርሷል። ቱሪስቱ ሙርሲን ፍለጋ በአሪ እርሻ መካከል ሰንጥቆ ያልፋል፣ ካሜራው ግን ቦርሳ ውስጥ ነው። ለምን ቢባል አሪው ሸሚዝና ሱሪ ለብሷል። አሪዎች ድሮ ከእንሰት የሚሠራ ጉርድ ነበራቸው፤ ዛሬ ለበዓል ካልሆነ አይታይም። ሸክላ ሠሪው አሪ ነው፣ ብረት ቀጥቃጩ አሪ ነው፣ ማርና እህሉን ገበያ የሚያወጣው አሪ ነው። ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ውስጥ ብትቆሙ ዙሪያችሁን የሚሞላው እሱ ነው። በጓደኛዬ ጌም ውስጥ ስንት አሪ አለ? ዜሮ።

ባለፈው እሁድ ተገናኝተን ይህን ሁሉ አወራሁት። አንድ ማኪያቶ ሙሉ ዝም ብሎ ሰማኝና «ሁለት አካል ብቻ ነው የቀረኝ፣ ስልኩ ከዚያ በላይ አይችልም» አለኝ። እሺ ብለን በዚያው ጀመርን። ቅቤ ሻጯ አሪ ሆነች። ሰልቫጅ ሹራብ፣ አበባ ያለበት ጉርድ፣ ራሷ ላይ ሻሽ። ጎማ ጠጋኙ የሸክላ ፀጉሩን ተነጠቀና የእንግሊዝ እግር ኳስ ማሊያ ለበሰ፤ አርሴናል ይሁን ማንቼ በሚለው ግማሽ ሰዓት ተከራከርን (ይህኛው ክርክር አላለቀም)። ከቀይ አፈር ወዲህ መንገድ ዳር የሚታየው የበና ጎልማሳ ቁምጣ ታጥቆ፣ በርኮቶውን በእጁ ይዞ ቀረ። ለሰው መቀመጫና ትራስ የሆነች ትንሽ ዱካ ናት፤ ከጥላውም ትለያለች፣ ውሸትም የለባት።

ቀንዷን የደፋችው ሙርሲስ? መጀመሪያ «አውጣት» ብዬው ነበር። በኋላ እሱ ራሱ የተሻለ ነገር አመጣ። በ2006 የወጣው ኦብሊቪየን ውስጥ ኤንፒሲዎቹ የቀን ፕሮግራም አላቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ሥራ ይሄዳሉ። ጓደኛዬ ይህንኑ ለሙርሲዋ ሰጣት። በማጎ መንገድ በኩል ስታልፉ ጨርቋን ትከሻዋ ላይ ቋጥራ ማሽላ ትፈጫለች። የላንድክሩዘር አቧራ ከሩቅ ሲታይ ትነሣለች፣ ቀንዱንና ክራንቻውን ታደርጋለች፣ ትሰለፋለች። መኪናው ሲሄድ አውልቃ ቅርጫት ውስጥ ትከተዋለች፣ ወደ ወፍጮዋ ትመለሳለች። ቱሪስቱም እዚያ አለ፤ ለእሱ ልብስ ለመምረጥ አንድ ደቂቃም አልፈጀብንም። ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የካኪ ሱሪ፣ ደረት ላይ ካሜራ። አንዱን ሠርቶ አሥር ቦታ አባዛው። ከነቀለሙ ሳይቀይር።

ትናንት ማታ እንደገና ምስል ላከልኝ። ቅቤ ሻጯ ቅሏን ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ወደ አይሱዙው ታያለች። ከሥሯ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፦

«ጫማዋስ?»

«በረባሶ» አልኩት።